ያረጁ የጦር ተሽከርካሪዎችን ስለ መጠበቅና ስለ ማደስ፤ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ መንገዶች ለነጋዴ የሚሰጡት ትምህርት

በውጭ አገር ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ከሚይዟቸው ሥራዎች መካከል ያረጁ የጦር መኪናዎችን ፈልጎ መግዛት፣ ማደስና በመልካም ይዞታ ማቆየት አንዱ ነው። በአሜሪካ አገር ለዚሁ ሥራ የቆመው የወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ጥበቃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቁሟል። በእንግሊዝ አገር በቦቪንግተን የሚገኘው የታንክ ሙዚየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1943 በቱኒዝያ የተማረከውን ታይገር 131 የተባለውን የጀርመን ታንክ ብዙ ዓመት ከፈጀ እድሳት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 በሞተር ኃይል እንዲንቀሳቀስ አድርጎታል።

ይህ ነገር ለአንዳንድ አንባቢ ገንዘብ የተረፈው ሰው ቅብጠት ይመስለው ይሆናል። ነገሩን ረጋ ብሎ ለሚመረምረው ነጋዴ ግን የመለዋወጫ ንግድ፣ የጋራዥ ሙያ፣ የሕግ ጉዳይና የአገር ታሪክ በአንድነት ተያይዘው ይገኙበታል። በአገራችን የጦር መኪናን አድሶ ማቆየት በትርፍ ጊዜ ሥራነት ከመታወቁ በፊት በኑሮ ግዴታ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ሲሠሩት የኖሩትም ባለካሚዮኑ ነጋዴ፣ ሾፌሩና መካኒኩ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አጭር ነው። ያረጀ የጦር መኪና በግቢው ወይም በመጋዘኑ ጥግ የቆመበት ሰው በኪሎ መዝኖ ለብረት አቅላጭ ከመሸጡ በፊት ቁጥሩን ይጻፍ፣ ወረቀቱን ይሰብስብ፣ የሚያውቀውንም ባለሙያ ይጠይቅ ለማለት ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ከምሥራቅ ደቡብ ጎንደር መንገዶች እንነሣለን፤ በዚያ አገር ከባድ ተሽከርካሪን የሚመለከት ታሪክ የሚጀምረው ገና ሞተር ሳይታወቅ ነውና።

በጋይንት ያለፈው የመጀመሪያው ከባድ ጭነት

ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያሠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከተሠሩት ሁሉ ታላቁ ሴባስቶፖል የተባለው ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ወይም ወደ 7,000 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በዛሬው የንግድ ቋንቋ ብንናገር አንድ መካከለኛ የጭነት መኪና በአንድ ጊዜ የሚያነሣው ጭነት ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ግን መኪናም ሆነ የመኪና መንገድ አልነበረም።

ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፎቻቸውን በሠረገላ እያስጎተቱ በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዘቢጥና በቤተ ሆር በኩል አድርገው፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደሎች ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ነው። ጭነት የሌለበት መንገደኛ በጥቂት ቀናት የሚፈጽመው ጉዞ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። በየተራራው ጥግ ድንጋይ እየተፈለጠ፣ አፈር እየተደለደለ መንገድ መሠራት ነበረበት፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዘመኑ በአጠገባቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። በኋላ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘልቅ በገደሎቹ በኩል የተጠቀመው ይህንኑ የቴዎድሮስን መንገድ ነው።

ይህ ታሪክ ለጋይንት ሰው ኩራት ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን በጌምድር በቃጠሎና በዘረፋ እጅግ ተጎድቶ ነበር፤ ደብረ ታቦርም ራሷ ንጉሡ ሲነሡ ተቃጥላለች። የጦር መሣሪያ ያለፈበት አገር ሁሉ ዋጋውን ከጎተራው የሚከፍል መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ለኛ ጉዳይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ ምስሉም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። መድፉን የተሸከሙት ሠረገሎች፣ መንኰራኵሮቻቸውና ማሰሪያዎቻቸው ግን የሉም። መድፉ የቀረው ሰው ስለ ጠበቀው አይደለም፤ ለመውሰድ እጅግ ስለ ከበደ ነው። ለመውሰድ የማይከብደው ሁሉ ጠፋ፤ ያን ሁሉ ክብደት በገደል የማውረድና በአቀበት የማውጣት ጥበብም ከሠሪዎቹ ጋር ተቀበረ። ይኸው ነገር ከዚያ በኋላ በመጡት የጦር መኪናዎች ላይም ደርሷል።

የጦር ካሚዮን የነጋዴ ካሚዮን ሲሆን

በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው የኢጣልያ ጦር በመቶ በሚቆጠሩ ካሚዮኖች ተጭኖ ጎንደርን ከያዘ በኋላ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ደብረ ታቦር ገባ። ከዚያም ወዲህ በአምስቱ ዓመት የጠላት ጦር ስንቁንና ጥይቱን የሚያመላልሰው በካሚዮን ነበር። ደብረ ታቦር በ1933 ዓ.ም. ክረምት፣ ጎንደርም በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነጻ ከወጡ በኋላ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍል የቀሩት የኢጣልያ ካሚዮኖች ብዙዎቹ በነጋዴዎች እጅ ገብተው የእህል፣ የቡናና የጨው መጫኛ ሆኑ።

ከነዚህ ውስጥ ስሙ የገነነው ፊያት 634 ነው። ይህ ካሚዮን መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍታ ሞተር ነበረው። የአገራችን ሾፌሮች «ትሬንታ ኳትሮ» ማለትም «ሠላሳ አራት» ብለው ጠሩት። በወረራ ዘመን የጠላት ስንቅ ተሸካሚ የነበረው መኪና ከነጻነት በኋላ ብዙ ቤተ ሰብ አሳደረ። በኋላም የዚያው ፋብሪካ ሥራ የሆነው ፊያት 682፣ ሕዝቡ «ኤንትሬ» የሚለው፣ በጦር መኪና ላይ የተማሩትን ሾፌሮችና መካኒኮች ተቀብሎ ለብዙ ዘመን የአገሪቱን ጭነት ተሸክሟል።

የዚህን ታሪክ ምልክት ለማየት ወደ ሙዚየም መሄድ አያስፈልግም፤ ጋራዥ ገብቶ ማድመጥ ይበቃል። ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፣ ማርሚታ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። የመርካቶ መለዋወጫ ሻጭ እነዚህን ስሞች ሳያውቅ አንድ ቀን እንኳ ሊነግድ አይችልም። ቃላቱ ቀርተውልናል፤ ቃላቱን ያመጡት ካሚዮኖች ግን ብዙዎቹ ተቆራርጠው በሚዛን ተሸጠዋል።

ከግንቦት 1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአሜሪካ የመከላከያ ስምምነት በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ጂፕና የጭነት መኪና፣ ከ1970 ዓ.ም. ወዲህም ሕዝቡ «ኦራል» የሚለው ኡራል፣ ዚልና «ዋዝ» የተባለው የሶቪየት መኪና መጡ። እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ጎማ፣ የራሱን ቡሎንና የራሱን ቮልት ይዞ መጣ። አንድ ሰው ያረጀ የጦር መኪና አገኘሁ ሲል በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው የትኛው ዘመን እንደ ሰጠው ነው።

የአገሩ አቀማመጥ በሞተር ላይ የሚያደርሰው

ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው ዋና መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራ ሲሆን፣ ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የሚወስዱት መንገዶች ግን ከዚህ ዋና መንገድ ወደ ደቡብ ይገነጠላሉ። በአንድ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ አለ፤ በሌላው በኩል የስማዳ መሬት ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ ይወርዳል። የጋይንትን ድንችና ገብስ የሚያወጣው የአይሱዙ ሾፌር ይህን ልዩነት በአንድ ቀን ውስጥ በእግሩና በእጁ ያውቀዋል።

ያረጀ የጦር መኪና ሊያድስ የሚፈልግ ሰው ይህን አቀማመጥ መርሳት አይገባውም። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራው ዊሊስ ጂፕ 2.2 ሊትር በሚሆነው ሞተሩ 60 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ በነፋስ መውጫ ብርድ ግን ከዚህ ጉልበት የሚተርፈው ከ40 እምብዛም አይበልጥም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለሚበዛ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ሞተሩም ያጨሳል። አዲስ ባለቤት ይህን አይቶ ሞተሩ አልቋል ብሎ ያወርደዋል፤ የሚያስፈልገው ግን የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ ለከፍታው እንዲስማማ በጠባብ መለወጥ ሊሆን ይችላል።

ቁልቁለቱ ደግሞ የፍሬን ፈተና ነው። የድሮ የጦር መኪና ፍሬን ለከባድ ቁልቁለት ያለ ማርሽ እርዳታ አይበቃም። በነዚህ መንገዶች የሚነዳ ሰው በወጣበት ማርሽ መውረድ አለበት የሚለው የድሮ ሾፌሮች ሕግ ዛሬም አልተሻረም። ስለዚህ የታደሰ መኪና በመጀመሪያ የሚፈተነው በሜዳ ላይ እንጂ በጨጨሆ ቁልቁለት አይሁን።

ስለ እድሳቱ ሥርዓት

ሥራው የሚጀምረው በመፍቻ ሳይሆን በወረቀትና በእርሳስ ነው። መኪናው ከቆመበት ሳይነቃነቅ የሞተሩና የቻንሲው ቁጥር ይጻፍ፣ በውስጡ ያሉት የፋብሪካ ሰሌዳዎች ይነበቡ፣ በአራቱም በኩል ፎቶግራፍ ይነሣ። የሚፈታው ዕቃ ሁሉ ስሙና የወጣበት ቦታ ተጽፎበት በየሳጥኑ ይቀመጥ። ዘንድሮ የፈታው መካኒክ ከዓመት በኋላ ሲገጥም በዚያው ቦታ ላይገኝ ይችላልና።

ብዙ ዓመት የቆመ ሞተር በችኮላ አይነሣ። ካንዴላዎቹ ወጥተው በየሲሊንደሩ ቀጭን ዘይት ይጨመር፣ ጥቂት ቀናት ይቆይ፣ ከዚያም በእጅ ቀስ ተብሎ ይዙር። በግድ የተጎተተ ሞተር የተጣበቀውን ፋሻ ይሰብራል፤ በጥቂት ዘይት ሊድን የነበረው ሞተር ቶርኖ ቤት ይገባል። የቆየ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ስለሚለወጥ ታንከሩ ተራግፎ ይጠብ፤ ቱቦዎቹም ይጽዱ። የፍሬኑ ጎማዎች ደኅና ቢመስሉም ሁሉም ይለወጡ። የኤሌክትሪክ ገመዶች ሽፋናቸው ከተሰነጣጠቀ አይታመኑ። ቀለም የሚቀባው በመጨረሻ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከቀለም ይጀምርና ገንዘቡ ፍሬን ላይ ሳይደርስ ያልቅበታል።

መኪናው ከታደሰ በኋላም ጠባቂ ይሻል። ጎማዎቹ ክብደት እንዳይሸከሙ ቻንሲው በእንጨት ላይ ይቀመጥ፤ ባትሪው ይነቀል፤ ሞተሩ በየወሩ እስኪሞቅ ይነሣ፤ ክረምት ሲገባም ጣሪያ ሥር ይግባ። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ መኪናን ከመኪና የሚለዩት ግን እነርሱ ናቸው።

አንድ ጥፋት ያስተማረው

ይህን የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ጸሐፊ ሆኜ የማገለግላቸው ነጋዴ ከጋይንት እህል የሚያመጡ ሰው ናቸው፤ ከአባታቸው የወረሱት የአሜሪካ ጦር ጂፕም ነበራቸው። የጂፑ ሞተሪኖ በተቃጠለ ጊዜ የግዢውን ደብዳቤ እኔ ጻፍሁ። ደብዳቤው «ለአሜሪካ ጂፕ የሚሆን አንድ ሞተሪኖ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልነበረበትም። ከጥቂት ወራት በኋላ ዕቃው ደረሰ፤ ሳጥኑ ሲከፈት ባለ 12 ቮልት ሆኖ ተገኘ። የኛ መኪና ግን ባለ 24 ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራው ጂፕ 6 ቮልት፣ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ለጦር የተሠራው 24 ቮልት፣ ከዚያ በኋላ ለገበያ የተሠራው ደግሞ 12 ቮልት መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው መካኒክ ሳጥኑን አየና ወደኔ ዞሮ እንዲህ አለኝ፦

«ልጄ፣ ጂፕ የዓለም ስሙ ነው፤ የክርስትና ስሙ ቁጥሩ ነው። የክርስትና ስሙን ሳታውቅ ለማን ጸሎት ታደርሳለህ?»

ከዚያ በኋላ ጂፑ ሁለት ክረምት ሜዳ ላይ ቆመ። የወለሉ ላሜራ ዛገ፤ ካርቡራተሩም ለሌላ መኪና ተፈትቶ ተወሰደ። አሠሪዬም ተሰላችተው በኪሎ እንዲሸጥ አዘዙ፤ የብረት ገዢም መጥቶ ዋጋ ሰጠ። ያን ቀን ሽማግሌው መካኒክ፦

«ጋሼ፣ ዛሬ በኪሎ ከሸጡት ነገ በወርቅ አይገዙትም፤ አንድ ደብዳቤ ደግሞ ይጻፍ» ብሎ ለመናቸው።

አሠሪዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «ቁጥሩን አንብብለትና ይጻፍ» አሉ። እኔም በመኪናው ሥር ተጋድሜ በጨርቅ እየጠረግሁ የሰሌዳውን ቁጥር አንድ በአንድ ጻፍሁ። በሁለተኛው ደብዳቤ የመጣው ሞተሪኖ በዋለበት ቀን ገጠመ። ነገር ግን የወለሉን ላሜራ ለማስጠገንና ካርቡራተሩን ለመተካት የወጣው ገንዘብ ከሞተሪኖው ዋጋ በለጠ። አንድ መስመር ቁጥር ባለመጻፌ የደረሰው ኪሳራ ይህ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ቁጥር የግዢ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።

ለአስመጪና ለሱቅ ባለቤት

ከዚህ የሚገኘው የንግድ ትምህርት ግልጽ ነው። በመጋዘኖቻችን መደርደሪያ ላይ ለዘመናት የተቀመጡ፣ ለየትኛው መኪና እንደ ሆኑ የማይታወቁ ኩሽኔታዎች፣ ጓርኒሲዮኖችና ፋሻዎች አሉ። ባለቤቱ የሞተ ዕቃ ይላቸዋል። የፋብሪካ ቁጥራቸው ተነብቦ በመዝገብ ቢጻፍ ግን በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚፈልጋቸው ሰው ሊኖር ይችላል። ዊሊስና ፎርድ በጦርነቱ ጊዜ በአንድነት የሠሯቸው ጂፖች ከ600,000 በላይ ናቸው፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚያድሷቸው ሰዎች አሉና ለጂፕ አዲስ የተሠራ መለዋወጫ ይገኛል። ለትሬንታ ኳትሮ ግን ይህን ያህል ገበያ የለም፤ የሚጎድለው ዕቃ ወይ ከሌላ አሮጌ መኪና ይወሰዳል፣ ወይ በቶርኖ ይቀረጻል። ስለዚህ ሁለት የተሰበሩ ካሚዮኖች ያሉት ሰው አንዱን ከሸጠ ሁለተኛውንም እንደ ሸጠ ይቁጠረው።

የነዳጁም ሒሳብ አስቀድሞ ይታሰብ። ኡራል 375 የተባለው የቤንዚን ካሚዮን በ100 ኪሎ ሜትር ከ45 ሊትር በላይ ይጠጣል። እንዲህ ያለውን መኪና ለጭነት ሥራ አሰማራለሁ የሚል ነጋዴ ትርፉን በመንገድ ላይ ያፈሰዋል። ሞተሩን በናፍታ ሞተር መለወጥ ለሥራ ይረዳል፤ ለታሪክ ግን ይጎዳል። አስታራቂው መንገድ የወጣውን ሞተር ዘይት ቀብቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ ማስቀመጥ ነው።

ከውጭ አገር ያረጀ መኪና አስመጥቶ ለመተካት ማሰብም ከባድ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎ ነበር፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገልጿል። እንዲህ ያለ እርምጃ የሚያስተምረን በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና አንዴ ከተቆረጠ በሌላ ለመተካት እጅግ የሚያስቸግር መሆኑን ነው።

ስለ ሕግና ስለ ጥንቃቄ

የጦር መኪና የሚገዛ ሰው የሻጩን ማንነት ብቻ ሳይሆን መኪናው ከመንግሥት እጅ በሕጋዊ መንገድ የወጣ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ማየት አለበት። የጨረታው ደብዳቤ፣ የቀረጡ ደረሰኝና ሊብሬው በአንድ ማኅደር ይያዙ። በላዩ የጦር መሣሪያ የተገጠመበት ቢገኝ ነገሩ የመንግሥት ባለሥልጣን እንጂ የጋራዥ ጉዳይ አይደለም። ታሪካዊ ዋጋ ያለውን ዕቃ ወደ ውጭ አገር ለመላክ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ፈቃድ ይጠይቃል፤ ላኪ የሆነ ሰው የውጭ ገዢ ከፍ ያለ ዋጋ ሰጠኝ ብሎ ከመስማማቱ በፊት የቅርስ መሥሪያ ቤቱን ይጠይቅ።

ከሁሉም በላይ የሰው ሕይወት ይቀድማል። በደብረ ታቦርና በጉና አካባቢ በ1982 ዓ.ም.፣ በነፋስ መውጫና በጋይንት ምድርም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተካሂዷል፤ ከዚያም ወዲህ አገሩ ከተኩስ ድምፅ ፈጽሞ አላረፈም። በጦር ሜዳ ላይ የቀረ የተሽከርካሪ ስብርባሪ ያልፈነዳ ጥይት በውስጡ ወይም በዙሪያው ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ብረት እረኛም ሆነ ብረት ሰብሳቢ እንዳይነካው፣ ነጋዴም እንዳይገዛው ያስፈልጋል። ባይገዛ ሰብሳቢው አይሄድም፤ ሰብሳቢው ባይሄድ ልጅ አይሞትም። የሱቅ ባለቤት በዚህ ነገር ያለበት ኃላፊነት ከማንም አያንስም።

ስለዚህም በዚህ አገር ያረጀ የጦር መኪናን መጠበቅ ጦርነትን ማወደስ ሊሆን አይችልም። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ጦርነትን በመጽሐፍ ያነበበው አይደለም። የሚጠበቀው የእጅ ሙያው ነው፤ ያለ መለዋወጫ መኪና ያስነሣው መካኒክ፣ በአንድ ፍሬን ገደል የወረደው ሾፌር፣ የጠላትን ካሚዮን የእህል መጫኛ ያደረገው ነጋዴ የሠሩት ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

ሴባስቶፖል በክብደቱ ምክንያት ዳነ። ትሬንታ ኳትሮ ግን በክብደቱ ምክንያት ጠፋ፤ ብዙ ኪሎ ስለ ነበረው ብዙ ብር አወጣና ተቆረጠ። በየግቢው ጥግ የቀሩት ጥቂቶቹ ከሁለቱ የየትኛው ዕድል እንደሚደርሳቸው የሚወስነው ባለንብረቱ ነው። ሁሉም መኪና ይታደስ ማለት አይቻልም፤ ገንዘቡም ቦታውም አይበቃም። ነገር ግን ቁጥሩን ለመጻፍ አንድ ወረቀት፣ መልኩን ለማስቀረት አንድ ፎቶግራፍ፣ ታሪኩን ለመስማት ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋር አንድ ስኒ ቡና ይበቃል።

ሽማግሌው መካኒክ በየዓመቱ ቁጥሩ እየቀነሰ የሚሄድ ሰው ነው። የትሬንታ ኳትሮን ካምቢዮ በድምፁ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ስንት እንደ ቀረ እያንዳንዱ አንባቢ በሠፈሩ ይቁጠር። ክቡራን ነጋዴዎች የመጋዘን ቆጠራ በሚያደርጉበት በሰኔ መጨረሻ፣ ከዕቃው ዝርዝር ጋር የግቢያቸውንም ጥግ አንድ ጊዜ ቢመለከቱ፣ እንዲህ ያለውንም ሰው ጠርተው ቢያስነግሩት የሚያጡት ነገር የለም፤ ሊያተርፉት የሚችሉት ግን በኪሎ የሚመዘን አይደለም።